የአምበሩ ጥሩንባ ነፊ

ከአምበር የሚመጡት ሽማግሌ ሆስፒታሉ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ የሚያስቀምጡት ዱላቸውን ሳይሆን ከጋቢያቸው ሥር የያዙትን ጥሩንባ ነው። የሰፈራቸው እድር ጥሩንባ ነፊ ናቸው፤ ሰው ሲሞት አገሩን ለቀብር የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እሳቸውን ግን የሚያስታምም ሰው ተከትሏቸው መጥቶ አያውቅም።

በፊት በፊት ሲስተር የኔአለም ትቆጣቸው ነበር። የእግራቸው ቁስል ሕመሙ ሲተዋቸው «ዝም ካለማ ድኗል» ብለው መታጠቡን እርግፍ አድርገው ተዉት። ሲመለሱ እግራቸው እንደ ቅል አብጦ ሐኪሙ ስለ መቁረጥ ማውራት ጀመረ።

«ባክቴሪያ ጥቂት ሲሆን አድፍጦ ይቀመጣል፣ አባቴ» አለቻቸው ያን ቀን። «እያንዳንዱ ለጓደኞቹ ምልክት የሚሆን ነገር ይረጫል። ምልክቱ ሲበረክት መብዛታቸውን ያውቁና ባንድ ላይ ይነሣሉ። ቁስሉ ዝም ሲል ነው ማጠብ።»

ሽማግሌው ጥሩንባቸውን አየት አደረጉ። «እንዲያ በይኛ! ተጠራርተው ሳይሰባሰቡ መድረስ ነው።» ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ አላጓደሉም።

ዛሬ ፋሻውን ስትፈታ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ነበር። ሽታ የለም፤ ሥጋው ቀላ ብሎ ከዳር ከዳር መግጠም ጀምሯል።

«እግርዎ ተረፈ» አለች።

ሽማግሌው፣ «ለሰው ሁሉ እኔ እነፋለሁ» አሉ። «ለእኔ ማን ይነፋል እያልኩ ነበር የባጀሁት።»

ከዚያ ጥሩንባቸውን አንሥተው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ግን ረስተውት ወጡ። የኔአለም ዱላውን ይዛ እስከ በሩ ተከተለቻቸው።