የእናቴ ስንቅና የእኔ ላንድክሩዘር

ለረጅም የመኪና ጉዞ ምክር የሚጠይቀኝ ሁሉ ስለ ጎማና ስለ ድንኳን እንድነግረው ይጠብቃል። እኔ ግን መጀመሪያ የምለው ከዘመድ ስንቅ ተጠንቀቅ ነው። በመኪና ይዤ የምዞራቸው ፈረንጆች ይስቃሉ። ካዛንቺስ ያደገ ሰው ግን አይስቅም፤ ያውቀዋላ።

እናቴ ዕድሜዋን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጨረሰች ሴት ናት። ኦሎምፒያ አካባቢ የነበረኝን የቢሮ ሥራ ትቼ የቱሪስት ሹፌር ስሆን፣ “በረሃ ለበረሃ ልትዞሪ?” አለችኝና ከዚያ ወዲያ ስለ ሥራዬ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። እንዴት ዋልሽ ትለኛለች፤ የት ዋልሽ ግን አትለኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለዓመታት በሰው መኪና ከነዳሁ በኋላ፣ በገዛ መኪናዬ እንግዶች ይዤ በኦሞ በኩል ወደ ቱርካና ሐይቅ የምሄድበት ቀን ደረሰ። ጠዋት ኡራኤል አካባቢ ካለው ሕንፃችን ስወርድ መኪናዬን አላወቅኋትም። ሰፈራችን ፈርሶ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ቢበተንም፣ እናቴ ደውላ ሁሉንም ሰብስባለች። ድርቆሹ፣ ዳቦ ቆሎው፣ ሽሮው፣ በሶው፣ በትልቅ ጄሪካን ጠበል፣ ፍራሽ ሳይቀር ጣራዋ ላይ ካለው ፖርቶመጋላ ላይ ተቆልሏል። አንዲት የድሮ ጎረቤታችን ደግሞ ከሰል በማዳበሪያ፣ ከነማንደጃው ይዘው ቆመዋል።

እንባዬ መጣ። እናቴ ታረቂኝ ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል፤ አፏ እሺ ስላላላት በማዳበሪያ አስጭና ነው የተናገረችው። ግን የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ባሌስትራ ጎብጧል። ከባድ ነገር ጣራ ላይ የጫነ መኪና ጠመዝማዛ ላይ ያጋድላል፣ አሸዋ ላይ ይሰምጣል። ስንቁን ብመልስ እናቴን መመለሴ ነው፤ ብጭነው ደግሞ በያዝኩት የሰው ነፍስ መጫወቴ ነው።

ጫማዬን አውልቄ ጣራው ላይ ወጣሁና ማውረድ ጀመርኩ።

ከሰል የያዙት ጎረቤታችን የእናት ስንቅ ሲመለስ ዛሬ ገና አየሁ ብለው አማተቡ። እኔ በጭነት ነገር ማንንም አልሰማም፤ እዚያው ቆሜ ምክንያቱን ተናገርኩ። ጣራ ላይ ቀላሉ ብቻ፣ ከባዱ ወለል ላይ፣ ውሃ ከሁሉ በፊት። ትንሽ ጮክ ብዬ ሳልናገር አልቀረሁም።

እናቴ ወደ መኪናዋ ኋለኛ በር ሄዳ ወደ ውስጥ አጎነበሰች።

“ውሃው የቱ ነው?” አለችኝ።

ወርጄ አሳየኋት። መቀየሪያ ጎማ ስንት እንደያዝኩ፣ አሸዋ ውስጥ ብገባ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። ስለ ሥራዬ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር። የጎማውን ንፋስ እንደምቀንስ፣ ሲመሽ እንደማልነዳ፣ ወንዝ ሳልፈትሽ እንደማልሻገር ነገርኳት። ፈተና ላይ የተቀመጥኩ ያህል አላበኝ፤ ግን አንዱንም አልሳትኩም። ማለፌን ከፊቷ አነበብኩ።

ከስንቁ አንዱን ብቻ እንድትመርጥልኝ ለመንኳት። በሶውን አነሳች፤ እሳት አይፈልግም፣ ጾምም ቢሆን ይበላል አለችኝ። እኔም ብሆን የምመርጠው እሱን ነበር። ጠበሉንም በትንሽ ጠርሙስ ቀንሳ ከመሪው አጠገብ አስቀመጠችልኝ።

ጎረቤታችን ግን ተስፋ አልቆረጡም። እንግዶቼ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ሆቴላቸው በር ላይ እየጠበቁኝ ስለነበር ሞተሩን ሳስነሳ፣ ከሰሉን በኋለኛው በር ሊያስገቡ ሲታገሉ በመስታወት አየኋቸው። እናቴ ሄዳ ማዳበሪያውን ከእጃቸው ቀስ አድርጋ ተቀበለቻቸው። ከዚያ የሕንፃው ጥበቃ ሳይቀር እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች።

“ይተዉት፣ እትዬ። ሹፌሯ ልጄ ናት፤ ያለችው ይሁን።”