ሰባት ቤት የሚቆጥሩልን አጎቴ

አጎቴ ካረፉ ነገ አርባ ቀናቸው ነው። አፈሩ ይቅለላቸውና፣ እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ያለን ያገራችን ልጆች ስንጋባ የሁለቱን ወገን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው፣ "ዝምድና የላችሁም፣ ተጋቡ" የሚሉን እሳቸው ነበሩ። ሁሉም በቃላቸው ነው፤ አንድም ወረቀት የላቸውም።

ከዓመታት በፊት አንድ ቀን ልጄ ለትምህርት ቤቷ የአንድ ገጠር ካውንቲ፣ ወረዳ እንደማለት ነው፣ ታሪክ ጻፊ ተባለችና ከአጎቴ ጋር ሦስታችን ሄድን። እዚያ ያለች አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ያካባቢውን ገበሬዎች ዘር ከመቃብር ድንጋይ ሳይቀር እየለቀመች ጽፋለች። አጎቴ መዝገቡን አገላብጠው፣ "እሷ ብትሞትም ይሄ ይቀራል። የኔንስ መቼ ነው የምትጽፊው?" አሉኝ።

"እኔ ደብዳቤ እንኳ በመከራ ነው ጋሼ። ልጄ ትጻፍልዎ።"

"ያንቺ ልጅ? ቅድመ አያቴን ፈረንጅ ታደርግብኛለች!" ብለው ሳቁ። ሰመር ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ፣ እንጽፋለን ተባብለን ቀረ።

አሁን ልጄ እዚሁ አጠገባችን ሊትልተን ከተማ ያለ ልጅ ልታገባ ነው። አባቱ፣ ነፍሱን ይማርና፣ የኛው ወረዳ ሰው ነበር። ከልጁ እናት ጋር በስልክ ብንቆጥር እሷ አራተኛው ቤት ላይ ቆመች፣ እኔም ከአምስት አላለፍኩም። ልጄ "ማሚ፣ ኢትስ ፋይን፣ ችግር የለውም" ትለኛለች። ምኑ ነው ፋይን? ዘመድ ከዘመድ ባጋባስ? አጎቴ ቢኖሩ ባንድ ስልክ ያልቅ ነበር።

ያገሬ ልጆች፣ የሁለታችንን ወገን ቆጠራ ከእሳቸው አፍ የሰማችሁ ካላችሁ፣ በእግዚአብሔር፣ ልጆቹ ቀለበት ሳያስሩ ንገሩኝ።