ብርድ የማስለመጃው ሳምንት

ታይሲያ ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ቢደክምም ምላሷ አልደከመም። ዘንድሮ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አርባዎቹን የቲማቲም ችግኞች በገዛ እጇ መትከል። ዘሩን ለቅሞ ጋዜጣ ላይ ያደረቀው ባሏ ዬጎር ነው፤ እሱም መስከረም ላይ ሞተ። ያ ዘር ሌላ ሰው ቤት የለም።

በወንዙ ዳር ባለችው በዚያች የሰሜን መንደር፣ ቤት ውስጥ መስኮት ሥር ያደገ ችግኝ በቀጥታ ደጅ አይተከልም፤ ብርዱ በአንድ ቀን ክው ያደርገዋል። መጀመሪያ ለአንድ ሰዓት ያህል ደጅ ይወጣል፤ በማግስቱ ሁለት፣ ቀጥሎ ግማሽ ቀን፣ እያለ እያለ በስድስተኛው ደጅ ያድራል፤ በማግስቱ አፈር ይገባል። ዬጎር ሳጥኖቹን ሲያወጣ «እንዳይደነግጡ፣ ቀስ እያልሽ» ይላት ነበር።

ሰኔ ሲገባ ታይሲያ ሳጥኖቹን ደጅ አስቀምጣ ድንች ልትልጥ ገባች። ቀና ስትል፣ ዬጎር በሠራው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከችግኞቹ አጠገብ፣ ያለ ካፖርት ተቀምጣለች። ቢላዋው አሁንም በእጇ ነው። እንዴት እንደወጣች አታውቅም፤ ገብታ ሰዓቱን ስታይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሄዷል። በማግስቱ ሁለት ሰዓት ሄደ። በሦስተኛው ቀን ግማሽ ቀን። ያኔ ነገሩ ገባት።

ለጎረቤቷ ለሪማ ነገረቻት።

«አረጀሁ አትይም!» ሪማ ሳቀች። «እኔስ ትናንት መነጽሬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ስፈልገው አልዋልኩም?»

«ሪምዬ፣ ዬጎር ነው። እንደ ችግኙ እያለማመደኝ ነው።»

«ተይ እባክሽ፣ ሙት ወቃሽ አትሁኚ!»

በስድስተኛው ቀን ችግኞቹ ደጅ የሚያድሩበት ተራ ደረሰ። ታይሲያ በሩን ቆልፋ እጀታውን በገመድ ጠፈረችው።

«በሕይወትህ አንድ ቀን ቸኩለህ አታውቅም፤ አሁን ምን አስቸኮለህ?» አለችው ባዶውን ቤት። «መጀመሪያ ልትከል። ከዚያ እንደ ፍጥርጥርህ።»

ጎህ ሲቀድ አግዳሚው ላይ ነቃች። ፀጉሯ በጤዛ ርሷል። ገመዱ፣ ልክ ዬጎር ይጠቀልለው እንደነበረው ተጠቅልሎ፣ ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል። ከሁሉ ያስፈራት ግን ብርድ አለመሰማቷ ነው። ጨርሶ አልበረዳትም።

ሻይ እንኳ ሳትቀምስ መትከል ጀመረች። ሪማ አካፋዋን ይዛ ስትመጣ አርባኛውን እያስገባች ነበር።

«ምን ነካሽ፣ በዚህ ብርድ! ካፖርትሽስ?»

«አልበረደኝም። ሪምዬ፣ ውሃ ታጠጪልኛለሽ?»

«እኔ? አንቺ የት ልትሄጂ ነው?»

ሪማ ዞር ብላ በቤቱ ጥላ ሥር ያለውን አግዳሚ አየች። ከዳር እስከ ዳር ጤዛ ለብሷል፤ ደረቅ የሆነው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ ጎን ለጎን።

«ታያ» አለች ሪማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ከማን ጋር ተቀምጠሽ ነው ያደርሽው?»

ታይሲያ በመጨረሻው ችግኝ ሥር አፈሩን ጠቅጠቅ አደረገችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ማታ ማታ ነው የምታጠጪያቸው» አለች። «ቀዝቃዛውን የጉድጓድ ውሃ በቀጥታ እንዳታፈሺባቸው፤ ይደነግጣሉ።»