ፍተሻን ማን ፈተሸው?

ሰውየው በመሥሪያ ቤቱ የሚታወቀው «ፍተሻ» በሚል ስም ነው። ሥራው ማግኔት መለካት ነው፤ ግን ማግኔት ሲለካ ከሚያጠፋው ጊዜ ሰው ሲበረብር የሚያጠፋው ይበልጣል። በመለኪያው ክፍል በር ላይ አንዲት ትንሽ ኮምፓስ ሰቅሏል። የሚገባ ሁሉ አጠገቧ ይቆማል። መርፌዋ ትንሽ ከተነቃነቀች ቁልፍም ሆነ የፀጉር መርፌ፣ ቀበቶም ቢሆን ወደ ቅርጫት ነው። አንድ ጊዜ አለቃውን ራሳቸውን ጫማ አስወልቆ በካልሲ አስገብቷቸዋል።

አይፈረድበትም። የሚለካቸው ማግኔቶች የአቶም ፍንጣሪዎችን በቱቦ ውስጥ የሚያስሮጥ ማሽን ላይ የሚገጠሙ ናቸው። ማግኔቱ ቱቦው ውስጥ የሚፈጥረው የመሳብ ኃይል፣ ማለትም መስኩ፣ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆን አለበት፤ ከዐሥር ሺህ ጥቂት እጅ ቢዛባ እንኳ ፍንጣሪዎቹ መንገድ ስተው ከግድግዳ ይላተማሉ።

የአሁኑን ማግኔት የጠመጠመችው ሚስቱ ናት። ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ የሚያሳልፍ ስስ ጥብጣብ አለ፤ እሱን ዙር በዙር፣ ትንፋሿን ዋጥ እያደረገች፣ ዓመት ሙሉ ጠምጥማዋለች። ፍተሻ ለካውና በሰው ሁሉ ፊት «መስኩ ጠማማ ነው» አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አኮረፈችው። ኩርፊያዋ ቀላል አይምሰላችሁ። ቤት ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው ስለሌለ የምታነጋግረው ድስቱን ነው። «አንተ ድስት፣ ለዚህ ሰውዬ ራት ደርሷል በልልኝ» ትላለች።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ጥብጣቡ ነበር። የዚህ ዓይነት ጥብጣብ ቂመኛ ነው፤ ካሳለፈው ኤሌክትሪክ ጥቂት በውስጡ ቋጥሮ ይይዝና መስኩን ያበላሻል። ኃይሉን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ሊያስረሱት ሞከሩ። ጠማማነቱ ፍንክች አላለም። በመጨረሻ አለቃው፣ «ነገም እንዲህ ከሆነ የተጠመጠመው ጥቅል ይፈታል፤ ሌላ ጠምጣሚ እንፈልጋለን» አሉ። ፍተሻ ያን ቀን ምሳ አልወርድ አለው። የሚስቱን እንጀራ ሊያሳጣት ነው፤ ውሸት ደግሞ አልተናገረም።

በማግስቱ ለመጨረሻው ልኬት ሁሉም ተሰበሰቡ። ሚስቱ በሩ ጋ ስትደርስ፣ ፍተሻ ዓይኗን ሳያይ «ኮምፓሷ አጠገብ» አላት። ቆመች። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ኮምፓሷን ከተሰቀለችበት አወረደችና ወደ አለቃው ዞረች።

«አለቃ፣ ይህን ሰውዬ ማን ፈትሾት ያውቃል?»

አለቃው አሰቡ። «ማንም» አሉ፤ ካልሲያቸው ትዝ ብሏቸው መሰለኝ ፊታቸው በራ። «ፈትሺው!»

ኮምፓሷን ወደ ሆዱ አስጠጋች፤ መርፌዋ ዞረች። ወደ ጀርባው ስትወስዳት ይብስ ተሽከረከረች። ሸሚዙን ገለጥ ብታደርገው የገዛ እናቷ የሰጡት የወገብ ማሰሪያ ብቅ አለ።

«ይሄማ ድንጋይ ነው» አለ ፍተሻ። «ወገቤን ሲያመኝ እማማ ናቸው የሰጡኝ። ውስጡ የተሰፋው ሕመም የሚስብ ድንጋይ ነው ብለው…»

ዕድሜውን ሙሉ ማግኔት ሲለካ የኖረ ሰው፣ የሚስብ ድንጋይ ምን እንደሆነ ገና አሁን ገባው።

«ስትለካ የት ነው የምትቆመው?» አሉ አለቃው።

«ማግኔቱን ተደግፌ ነው» አለ በቀጭን ድምፅ። «ወገቤን ስለሚያመኝ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ፍተሻ እያፈረ ማሰሪያውን ሲፈታ ሱሪውም አብሮ ወረደ። ቀበቶ የከለከለው ራሱ ነው፤ ሱሪውን ይዞለት የኖረው ያ ማሰሪያ ነበር። በሁለት እጁ አፈፍ አደረገው። ችግሩ መለኪያውን ወደ ቱቦው አስገብቶ ማዞርም ሁለት እጅ ይፈልጋል። ዞር ዞር ብሎ ሰው ፈለገ። ቀበቷቸው ቅርጫት ውስጥ የገባባቸው ሁሉ የየራሳቸውን ሱሪ ይዘው ቆመዋል።

ሚስቱ በረጅሙ ተነፈሰች። ከኋላው መጥታ ሱሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ላይ ሳበችው። መለኪያው ዞረ። ስክሪኑ ላይ ያለው የመዛባት ቁጥር ወረደ፣ አሁንም ወረደ፣ ከተፈቀደው በታች ሆነና ቆመ። አለቃው ጮኹ፤ ጥቅሉ አይፈታም። ፍተሻ ደስታው ዕንባ ሆኖ መጣበትና ወደ ሚስቱ ሊዞር ቃጣው።

«አትዙር! ቀጥ ብለህ ቁም» አለችው።

እዚያ ክፍል ውስጥ ድስት አልነበረም።