ምስጥ በላው ያልኩት ሰማንያ

ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳን ተናግሬው አላውቅም። ዐቢይ ጾም በመጣ ቁጥር እሳቸው ዘንድ እሄዳለሁ፤ ሰው ማማቴን፣ መቆጣቴን፣ አንድ ሁለት ዓርብ መግደፌን እዘረዝርላቸዋለሁ። እሳቸውም ስግደት ይሰጡኛል፤ እኔም እሰግዳለሁ። ትልቁ ግን ከአፌ ሳይወጣ ሰባት ዓመት አለፈው። ለእሳቸው ያልነገርኩትን ለማላውቃችሁ ለእናንተ መንገሬ ራሱ ፈሪነት እንደሆነ አይጠፋኝም። ቢሆንም ስሙኝ።

ማንኩሳ ላይ ለብዙ ዓመት አማርኛ ያስተማርኩ መምህርት ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ፍኖተ ሰላም እኖራለሁ። አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ አልወለድኩም። እናትና አባታችን ቀድመው ስለሞቱ ታናሽ ወንድሜን አንተነህን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አንተነህ አሜሪካ ሄዶ ዜግነት አገኘና አንድ ቀን ደውሎ ከአገር ቤት ሚስት ፈልጊልኝ አለኝ። ፈለግኩለት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የፈለግኳት እኔ ነኝ።

ማስተዋል ትባላለች። ቡሬ ላይ የልብስ ስፌት ቤት ነበራት፤ የተማሪዎቻችንን ዩኒፎርም ላሰፋ ስሄድ ነው የተዋወቅነው። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ የልጆቹን ልክ አንድ በአንድ ትጽፋለች። የድሃ ልጅ መሆኑን ካየች ማንም ሳይነግራት ከሱሪው ጫፍ ሰፋ ያለ እጥፋት ትተውለታለች፤ በዓመቱ ሲያድግ እንዲፈታለት። ያቺ እጥፋት አንጀቴን በላችው። ለወንድሜ ከእሷ ሌላ አልሻም አልኩ። አባቷ ዘንድ ሽማግሌ የላክሁት እኔ። አባቷ ሁለት ጊዜ ሲመልሷቸው ለሦስተኛ ጊዜ የላክሁት እኔ። እሷማ ባሕር ማዶ አላማራትም ነበር፤ እታለም፣ እኔ እዚህ ሥራ አለኝ እኮ እያለች ታስቸግረኝ ነበር። እሺ እስክትል ስንት ቅዳሜ ቡሬ ተመላለስኩ!

ሰርጉ ተደገሰ። ሰማንያው በሽማግሌዎች ፊት ተጻፈ። ሰማንያ እንደምታውቁት መጋባታቸው ብቻ የሚጻፍበት አይደለም፤ ማን ምን ይዞ እንደመጣም ይሰፍርበታል። በእሷ ስም ሦስት የስፌት መኪናና አባቷ የሰጧት ጥማድ በሬ ሰፈረ። ሽማግሌዎቹ ፈረሙ፣ ጣት ያስቀመጠም አስቀመጠ። ወረቀቱ ማን ዘንድ ይቀመጥ ሲባል ሙሽሮቹ ሁለቱም ወደ እኔ ጠቆሙ። እኔም ደስ ብሎኝ ከሣጥኔ ከተትኩት።

አንተነህ ወደ አሜሪካ ሲመለስ ማስተዋል ቪዛዋ እስኪመጣ አንድ ዓመት ከመንፈቅ እኔ ዘንድ ተቀመጠች። ፍኖተ ሰላም በእኔ ስም የነበረው ቦታ ላይ ይህ ቤት የተሠራው ያን ጊዜ ነው። ወንድሜ ግድግዳውን አቆመ። ጣሪያውን ያለበሰችው፣ በርና መስኮቱን ያስገባችው እሷ ናት፤ መኪናዎቿን ሸጣ፣ በሬዎቿን ሸጣ። አናጺዎቹን ቆማ ስታሠራ አይቻታለሁ። አንተነህ ሳይሄድ የያዘችው ጽንስም በዚያው ሰሞን በአራተኛ ወሩ ወረደባት። ሆስፒታል የወሰድኳት እኔ ነኝ፣ አጥሚት ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ለአንተነህ እንዳልነግርባት ለመነችኝ፤ በሰው አገር ብቻውን ሆኖ እንዳይጨነቅ ብላ። ይህ ነው እንግዲህ በኋላ እኔ የውሸት ትዳር ነው ብዬ የፈረምኩበት።

ሄደች። ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት አንተነህ ሌላ ሴት ለምዶ ፍርድ ቤት ገብቶ ፍቺ ጠየቀ። ማስተዋል ደወለችልኝ። አላለቀሰችም፤ ቀስ ብላ፣ እኔ ለተማሪ እንደማስረዳው አድርጋ አስረዳችኝ። የተሰጣት የመኖሪያ ወረቀት የሁለት ዓመት ብቻ ነው። ባልና ሚስት ሆነው አብረው ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ቢቀርቡ ይጸናላት ነበር። ከተፋቱ ግን ብቻዋን ቀርባ ትዳሯ የእውነት እንደነበር ማሳየት አለባት። የማዘጋጃ ቤቱን ሰርተፍኬት አቅርባ፣ ይህንንማ ማንም ያወጣዋል ብለዋታል።

“ሰማንያውን ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ፣ እታለም። እርስዎም ያዩትን ይጻፉልኝ። ካለዚያ ወረቀቴን ይነጥቁኛል” አለችኝ።

እሺ አልኳት። ያን ቀን እሺ ስል ከልቤ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወንድሜ ደወለ። ፍቺው ላይ ማስተዋል የቤቱን ድርሻዋን ጠይቃለች። የእሷ ንብረት የተጻፈበት ሰማንያ ከወጣ ቤቱ የሁለታቸው ነው፤ ተሸጦ መካፈል ይመጣል። ከዚያ፣ “አንቺስ የት ልትገቢ ነው?” አለኝ። ይህ ቤት እስኪሠራ ድረስ የኪራይ ቤት ስቀያይር የኖርኩ ሰው ነኝ። በስልሳ ዓመቴ ዕቃዬን በጋሪ ጭኜ ቤት ፍለጋ ስዞር ታየኝ። ፈራሁ።

ፈራሁ ብዬ ልተወው? አልተወውም። ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ከሄደች ወዲህ ወንድሜ የሚደውልልኝ ቀንሶ ነበር፤ ይህንንም በእሷ አሳብቤ ቂም ይዤባት ነበር። ራሴ መርጬ ባመጣኋት ሴት ቀናሁ። ቅናት ለስልሳ ዓመት ሴት እንዴት እንደሚያሳፍር የደረሰበት ያውቀዋል።

ሰማንያውን ከሣጥኑ አወጣሁት። ቅዳሜ ነበር፣ ከገበያ ተመልሼ ሽሮ ልጥድ ከሰል አቀጣጥያለሁ። የሽማግሌዎቹን ስም አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ሁለቱ በሕይወት አልነበሩም። ከዚያ ከሰሉ ውስጥ ከተትኩት። ሽሮውንም ጥጄ በላሁ። በልቼ ስጨርስ ደወልኩላትና ሰማንያውን ምስጥ በልቶታል አልኳት፤ አፌን ሞልቼ። እሷ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ለሣጥኔ አዘነች። ሌላውን ልብሴን እንዳይበላብኝ ሣጥኑን ከመሬት ከፍ አድርጌ ድንጋይ ላይ እንዳስቀምጠው መከረችኝ።

በዚህ በቃኝ አላልኩም። ወንድሜ ደግሞ የምስክርነት ደብዳቤ ጠየቀ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ሞልተዋል፤ ለእነሱ እንኳን አላስጻፍኩም፤ በራሴ እጅ ጻፍኩት። ቤቱን በራሴ ጥሪት እንደሠራሁ፣ ማስተዋል ምንም እንዳላዋጣች፣ ጋብቻውም እሷ ወደ ውጭ ለመውጣት ፈልጋ ያደረገችው እንደነበር። ስንት ዘመን የልጆች ድርሰት ላይ ቀይ እስክሪብቶ ያሳረፍኩ ሰው፣ አራት ነጥቡን በየቦታው እያስቀመጥኩ፣ አንድ ፊደል ሳልስት ዋሸሁ። ሰነድ የሚያረጋግጡበት ቢሮ ሄጄ ፈረምኩ፣ ማህተም ተመታበት፣ በወንድሜ በኩል ፍርድ ቤቱም ኢሚግሬሽኑም ዘንድ ደረሰ።

ቤቱን ያዳንኩ መስሎኝ ነው፣ ወረቀቷን እንደሚያስነጥቃት አላወቅኩም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን እኮ በገዛ አፏ ነግራኝ ነበር። ቤቱ የሷም ነው እንዳይባል ትዳሩ የለም መባል ነበረበት፤ ትዳሩ የለም ከተባለ ደግሞ እሷ አጭበርባሪ ናት። ይህን ሒሳብ ለማወቅ አሜሪካ መኖር አያስፈልግም። አውቄ ነው ያደረግኩት።

ቤቱ ቀረልኝ። የማስተዋል ወረቀት አልጸናም። ጠበቃ ይዛ ከዓመት ዓመት ትሟገታለች፤ እስከዚያ ካገሩ ከወጣች መመለሻ የላትም። ወደ ቡሬ ተመለሽ እንዳይሏትም የምትሰፋበት መኪና ተሸጦ የእኔ ጣሪያ ሆኗል። ዝናብ በጣለ ቁጥር ቆርቆሮው ሲንኳኳ እሰማለሁ፤ ተኝቼ አላውቅም ብል ግን እዋሻለሁ፤ እተኛለሁ።

ባለፈው ወር እውነተኛውን ጽፌ፣ እዚያው ቢሮ ፈርሜ ልኬላታለሁ። የፊተኛው ሐሰት እንደነበር፣ ሰማንያውን እኔ እንዳቃጠልኩት፣ ቤቱ የእሷም እንደሆነ። ወረቀቱን ያነበበው ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና በዚህ ሊከሰሱ እንደሚችሉ ያውቃሉ ወይ አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ወንድሜ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ጠበቃዋ አንዴ የዋሸን ሰው ማመን አለማመን የኢሚግሬሽኖቹ ፈንታ ነው ብሏል፤ እውነቱን ነው። ግን ለዚህ ሥራዬ አታመስግኑኝ። ተጸጽቼ በራሴ የተነሳሁ አይደለሁም። በአባቷ ለቅሶ ቀን የሰማሁት ነገር ባይኖር ዛሬም ዝም እንዳልኩ ነበርኩ።

አባቷ ያረፉት ዘንድሮ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ ቡሬ ለቅሶ ሄድኩ። ቤተሰቡ ያደረግኩትን አያውቅም፤ ማስተዋል አልነገረቻቸውም። እናቷ ሲያዩኝ ከተቀመጡበት ተነስተው አቅፈው አለቀሱብኝ። ልጃቸው አባቷን ለመቅበር አልመጣችም፤ መንደሩ በዚህ ማውራቱን ከድንኳኑ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። እኩለ ቀን ላይ ስልክ ተደወለ። እናቷ ስልኩን ዘረጉልኝ።

“ማስተዋል ናት። እርስዎን ትሰማለች፣ እባክዎ ያጽናኑልኝ።”

ስልኩን ይዤ ከድንኳኑ ጀርባ ሄድኩ። እግዜር ያጥናሽ አልኳት። አሜን አለች። ትንፋሿን እየሰማሁ ቆምኩና ሳላስበው ሰማንያውን ምስጥ አልበላውም አልኳት።

“አውቃለሁ” አለች። “ደብዳቤዎን አስተርጓሚው አንብቦልኛል።”

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት።

“ከዚያ በፊት ግን ኢሚግሬሽኖቹ ጠይቀውኝ ነበር” አለች፤ ድምጿ አልተለወጠም። “ትዳርሽ የእውነት እንደነበር የሚያውቅ ማን አለ አሉኝ። አባቴን አልጠራሁም፣ እናቴንም አልጠራሁም። እህት አለችኝ ብዬ የእርስዎን ስም ሰጠኋቸው። ኋላ ያንኑ ስም ከደብዳቤው ግርጌ አሳዩኝና እህቴ ያልሻት ይህች ናት ወይ አሉኝ።”

“ምን አልሻቸው?”

“ናት አልኳቸው።”

ከዚያ ወዲያ የሰደበችኝ ነገር የለም። ብትሰድበኝ በወደድኩ። እናቷ ብቻቸውን እንዳይሆኑ እንድገባ ነገረችኝና ዘጋች። ይቅር በይኝ ለማለት አፌ አልከፈት አለኝ፤ ዛሬም አላልኳትም። በየትኛው አፌ እላታለሁ? እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ያልበደልኳችሁ ሰዎች ምን ልትሰጡኝ ትችላላችሁ?

ወደ ድንኳኑ ተመለስኩ። እናቷ አጠገባቸው ቦታ ለቀውልኝ፣ እጄን ይዘው አስቀመጡኝ።

“አጽናኗት?” አሉኝ።

“አዎ” አልኳቸው።