ፈርዖን ያላስጻፈው
እስራኤላውያን ግብፅ ኖረዋል አልኖሩም የሚለው ክርክር እኔን አንድ ወዳጅና አንድ የክርስትና ልጅ አስከፍሎኛል። በዚህ ጉዳይ ከፈርዖን ቀጥሎ የከሰርኩ እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው። በሰው አገር፣ ዳንፎርዝ በሚባል ጎዳና ላይ ሱቅ ከፍቼ በርበሬና ሽሮ እሸጣለሁ። ሱዳን በስደት ሳለን አንድ አልጋ የተካፈልነው ጓደኛዬ ቀን ይሠራል፣ ማታ ኮሌጅ ይማራል። ሚስቱ ወንድ ልጅ ስትገላገል ሱቅ ድረስ መጥቶ፣ «ክርስትና የምታነሳው አንተ ነህ» አለኝ። ሚስትም ልጅም የለኝም። ደንግጬ ለአንዲት ደንበኛ ሽሮውን ከከፈለችበት አብልጬ መዘንኩላት፤ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

በዚያው ሰሞን፣ «ፔፐር ሰብሚት ማድረግ አለብኝ» እያለ ለኮሌጁ የሚጽፈውን ባንኮኒዬ ላይ ተደፍቶ ያነብልኝ ጀመር። እስራኤላውያን ግብፅ ውስጥ ባሪያ እንደነበሩ የሚናገር የግብፅ ጽሑፍ አልተገኘም ይላል። አንድ ፈርዖን ስማቸውን በድንጋይ አስቀርጿል፤ እሱም ደመሰስኳቸው ብሎ ሲፎክር ነው፣ ያውም ግብፅ ሳይሆን ከነዓን ውስጥ።

«ስለዚህ ተረት ነው» አለኝ።

«አንተ ሰው፣ ሠራተኞቼ ጥለውኝ ጠፉ ብሎ ድንጋይ ላይ የሚያስቀርጽ ንጉሥ አለ? እኔ የተበላሁትን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልናገርም።»

«ይሄ ኤቪደንስ አይደለም!» አለ እየሳቀ።

«ደረሰኝ የሌለው ሁሉ አልተሸጠም ካልክ፣ ይሄ ሱቅ ተከፍቶም አያውቅም።»

ሱቅ ጆሮ አለው። ወሬው የቤተ ክርስቲያናችን ቄስ ዘንድ ደረሰ። የክርስትናውን ቀን ሊወስኑ ቶርንክሊፍ ፓርክ ከሚባለው ሰፈር፣ ጓደኛዬ ቤት የመጡ ዕለት እኔም ተጠርቼ ነበር፤ ገና ሳይቀመጡ፣ «እስራኤል ግብፅ አልነበረም የሚለው ከእናንተ ማን ነው?» አሉ። ሚስቱ ሕፃኑን እንዳቀፈች ባሏን አየችው።

ጓደኛዬ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «እሱ ነው፣ አባ። እኔማ ስንቴ መከርኩት!»

አሁን ያስተካክለዋል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ሻይ ቀዳልኝ።

«እንግዲያው ልጁን ሌላ ሰው ያንሳው» አሉ ቄሱ።

እስከ ሊፍቱ ሸኘኝ። «ምን ላድርግ ወንድሜ? እኔ ባለትዳር ነኝ፤ ቤቴ ይበተናል። አንተ ነጋዴ ነህ፣ ከዚህ የባሰ ምን ይሉሃል?»

ሳልከራከር ሊፍቱ ውስጥ ገባሁ፤ ለነጋዴ ይህ ነውር ነው።

ፔፐሩ ኤ አገኘ። ልጁን የሚስቱ ወንድም አነሳው። እኔና ጓደኛዬ ዛሬም አንነጋገርም።