ከግድግዳው ወዲያ

ፊንላንድ፣ ታምፔሬ ከተማ ውስጥ ያርኮ ወደሚሠራበት ጊታር መሸጫ ገብቶ ባለ አምፖል የጊታር ድምፅ ማጉያ የሚያወዳድር ሁሉ ስፒከሩ ፊት ይገተራል። የአውቶቡስ ሾፌር ዩኒፎርም የለበሱት ሽማግሌ ግን ቆባቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ያርኮን ጊታር አስይዘውት ወጡና በሩን ዘጉ።

«ባለ ሁለት ስፒከሩን ሳጥን ሞክር!» አሉ ከውጭ።

ያርኮ የጊታሩን ክር መታ።

«ይሄ ይጮኻል እንጂ አያጉረመርምም። ሌላ!»

«አባባ፣ ገብተው ቢሰሙት አይሻልም?»

«እኔ የማውቀው በግድግዳ ነው። ልጄ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ክፍሉን ዘግቶ ነበር የሚጫወተው።»

ያርኮ ባለ አራት ስፒከሩን ሰካና ድምፁን ለቀቀው። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ግድግዳው ከውጭ በቡጢ ተደበደበ። ያርኮ ደንግጦ ቀነሰ።

«አትቀንስ!» አሉ ሽማግሌው ከውጭ። «እሱም ግድግዳውን ስደበድብ ወዲያው ነበር የሚቀንስልኝ።»